እስክሪብቶውን ሦስቴ አንስቼ አስቀመጥኩት፤ ምከሩኝ

ሰላም ወገኖች። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነኝ። ሒሳብ ስናይ፣ አብሮኝ የሚያገለግል ወንድም ከመባው ገንዘብ ሳያስፈቅድ ወስዶ በኋላ እንደመለሰ ደረስኩበት። ልጁ ታሞበት ነው። ማቴዎስ 18፥15 እንደሚለው ለብቻው አናገርኩት። አለቀሰ። «ባክህ፣ በመካከላችን ይቅር» አለኝ። እኔም ዝም አልኩ።

ችግሩ ሪፖርቱ ላይ የምፈርመው እኔ ነኝ። «ምንም ጉድለት አልተገኘም» ይላል! ገንዘቡ እርግጥ ሞልቷል። ግን ብፈርም ዋሸሁ፤ ብናገር ሰውየው ይዋረዳል። (እውነቱን ለመናገር፣ ግማሹ ፍርሃቴ ለራሴ ስም ነው።)

እሱ ራሱ ለሽማግሌዎቹ እንዲናገር ቀን ልስጠው? ወይስ አብሬው ልግባ? እንዲህ ያለ ነገር የገጠማችሁ፣ ከየት ጀመራችሁ? ስብሰባው ቅዳሜ ነው።