አስቸኳይ! የሚያጋድለው ባቡሬ ኩርባ ላይ ከሐዲድ እየወጣ አስቸገረኝ

ባለፉርጎው፦
ሰላም ቤተሰብ። ቶሎ የሚደርስልኝ እፈልጋለሁ። ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ቅዳሜ ለሰው ላሳይ ቃል ገብቻለሁ። ኩርባ ላይ ወደ ውስጥ ዘንበል የሚለውን ባቡር ሞዴል ከዜሮ እየሠራሁ ነው። ቀጥ ባለው ሐዲድ ላይ ምንም አይለውም። ኩርባ ሲጀምር ፊቱ ልክ እንደ እውነተኛው ያጋድላል፣ ሲያዩት ደስ ይላል። የኋላው ቦጊ (ከፉርጎው ሥር የሚዞረው የጎማ ማቀፊያ) ኩርባው ውስጥ ሲገባ ግን ፉርጎው ግትር ይላል። አንዱ የኋላ ጎማ ብድግ ይልና ጧ! ከሐዲድ ይወጣል። ሃያ ጊዜ ሞከርኩ፣ ሃያ ጊዜ ወጣ። ምን ላድርግ?

ሙጫና መቀስ፦
ክብደት ጨምርበት። ቀላል ፉርጎ ሁሌም ይወጣል።

ቁጥር ወዳድ፦
ስኬሉ ስንት ነው? ራዲየሱስ? የሚያጋድለው በሞተር ነው በምን? ይህን ሳትነግረን መድኃኒት ማዘዝ ይከብደናል።

ባለፉርጎው፦
ይቅርታ፣ ተጣድፌ ነው። 1 ለ 87 ነው፣ ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ። የኩርባው ራዲየስ 60 ሳንቲሜትር፣ ከቦጊ መሃል እስከ ቦጊ መሃል 20 ሳንቲሜትር። ሞተር የሚያጋድለው አይደለም። ፉርጎው ከሻሲው ላይ ፊትና ኋላ በሁለት ፒን ተንጠልጥሏል። ቦጊዎቹ ናስ ናቸው። እያንዳንዱ ቦጊ ላይ ደግሞ ሌላ ፒን ቆሟል። ቦጊው ሲዞር ይህ ፒን የፉርጎውን ወለል ወደ ውጭ ይገፋል፣ ጣሪያው ወደ ውስጥ ይጋደላል።

ጋሽ መሐንዲስ፦
ልጄ፣ መጀመሪያ የእውነተኛውን ታሪክ እወቅ። እንግሊዞች ኤፒቲ የሚባለውን ባቡራቸውን ታኅሣሥ 1981 እ.ኤ.አ. ለመንገደኛ ሲያወጡት የማጋደያው መሣሪያ ተበላሸ፣ ብርዱም ፍሬኑን አሰረው። ሰውም አቅለሸለሸው። ለምን? ወደ ጎን የሚገፋውን ኃይል ከሞላ ጎደል ስላጠፋው። ዓይን ኩርባውን ያያል፣ ሰውነት ግን አይሰማውም፤ ሆድ ይታወካል። ከዚያ ወዲህ የመጡት ባቡሮች ከዚያ ኃይል ጥቂቱን ሆን ብለው ይተዋሉ። የስፔኑ ታልጎ ደግሞ ያለ ሞተር ነው የሚያጋድለው። የአየር ሞላዎቹ ከክብደቱ መሃል በላይ፣ ከፍ ብለው ተቀምጠዋል፤ ፉርጎው እንደ ፔንዱለም ራሱ ይወዛወዛል። አንተም ይህን ፒን ሁሉ ትተህ እንደሱ ብታንጠለጥለው ትገላገላለህ።

ቁጥር ወዳድ፦
ጋሼ፣ ታሪኩ ልክ ነው፤ ግን በዚህ መጠን አይሠራለትም። የእውነተኛው ፍጥነት በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ በ87 ሲካፈል በሰከንድ 64 ሳንቲሜትር ገደማ ይመጣል። በ60 ሳንቲሜትር ራዲየስ ላይ ያ ፍጥነት ቢበዛ ወደ 4 ዲግሪ ነው የሚያጋድለው። ከዚያ ላይ ደግሞ የፒኑ ሰበቃ ይቀንሳል። ቀስ ብሎ ከነዳውማ ጭራሽ አይንቀሳቀስም። በቦጊ ማስገፋቱ ትክክል ነው።

ቀጥ በል፦
እኔ ግን አልገባኝም። ለምን ሐዲዱን አታጋድልም? ከውጭው ሐዲድ ሥር 1 ሚሊ ካርቶን አስገባ። የሐዲዱ ስፋት 16.5 ሚሊ ስለሆነ ወደ 3 ዲግሪ ተኩል ታገኛለህ። ፒን የለ፣ ጣጣ የለ።

ባለፉርጎው፦
ወንድሜ፣ ያኔማ ማንኛውም ባቡር ያጋድላል! የዚህ ባቡር ቁም ነገሩ ድሮ በተነጠፈ ሐዲድ ላይ፣ ሐዲዱ ሳይነካ፣ ኩርባውን በፍጥነት ማለፉ ነው። እሱን ካልሠራሁ ምኑን አሳያለሁ?

ሙጫና መቀስ፦
ክብደቱን ከታች አድርገው፣ ከወለሉ ሥር። ሞክረው እንጂ!

ወዝወዝ፦
ፊቱ «እንሂድ» ሲል ጀርባው «እምቢ» ያለበት ባቡር 😂 አስታርቋቸው እንጂ።

ሚሊ በሚሊ፦
ወዝወዝ ሳያውቀው መልሱን ተናግሯል። ባለፉርጎው፣ ሁለቱን ቦጊዎች ከአንድ ንድፍ ነው የቆረጥካቸው አይደል? ሁለቱም ፒን ወደ ኋላ ነው የሚያዩት?

ባለፉርጎው፦
አዎ! እንዴት አወቅሽ እህቴ?

ሚሊ በሚሊ፦
እኔም በዚሁ ተቃጥያለሁ። ሁለት የክብሪት እንጨት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጥና ወደ ግራ የሚታጠፍ ኩርባ አስብ። የፊቱ ቦጊ ከፉርጎው አንጻር ወደ ግራ ይዞራል፣ የኋላው ወደ ቀኝ። ሁለቱም ፒን ወደ ኋላ ካዩ አንዱ ወለሉን ወደ ውጭ ይገፋል፣ ሌላው ወደ ውስጥ። ፉርጎህ እንደ ተጨመቀ ጨርቅ እየተጠማዘዘ ነው። ፕላስቲኩ አልጠማዘዝ ሲል ጎማው ይነሳል። ክብደት ብትጨምርበት ፒኑን ትሰብራለህ እንጂ አይድንም።

መፍትሔው የኋላውን ቦጊ ፈትተህ ፊቱን ወደ ኋላ ማዞር ነው። ሁለቱም ፒኖች ወደ ፉርጎው መሃል ይዩ። በሁለቱም አቅጣጫ ስትነዳው ይሠራል። ልኩንም ልንገርህ፦ ባንተ ራዲየስ ቦጊው ወደ 9 ዲግሪ ተኩል ይዞራል። ፒኑ ከቦጊው መሃል 12 ሚሊ ከራቀ ወለሉን 2 ሚሊ ይገፋል። የተንጠለጠለበት ፒን ከዚያ 14 ሚሊ ከፍ ካለ 8 ዲግሪ ታገኛለህ። ፔንዶሊኖ የሚባለው የጣሊያኖቹ ባቡርም የሚያጋድለው እስከ 8 ነው፣ ከዚያ በላይ አትፈልግ።

አንድ ነገር ልጨምር። የሞዴል ሐዲድ ከቀጥታ ወደ ኩርባ በድንገት ነው የሚገባው። ስለዚህ ለአፍታ ፊቱ ሲያጋድል ጀርባው ገና ቀጥ ብሎ ይቆያል። ወለሉ ላይ ያለውን የፒን ቀዳዳ በግማሽ ሚሊ ወደ ጎን አስፋው፣ ትንሽ ይተንፍስ። ቀዳዳውን በርዝመቱም ክፍት አድርገው፣ ፒኑ ሲዞር ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሸራተታልና።

ጋሽ መሐንዲስ፦
እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ። ፓንቶግራፍ (ከላይ ካለው ሽቦ ኤሌክትሪክ የሚወስደው ክንድ) ካለው ደግሞ ከጣሪያው ጋር አትሰሩት። ከሻሲው ጋር ይያያዝ፤ አለበለዚያ ከሽቦው ይወጣል። ኤፒቲም ላይ ፓንቶግራፉን በማያያዣ ከቦጊው ጋር ነበር ያገናኙት።

ባለፉርጎው፦
ፈታሁት! እውነትም የኋላው ፒን ጭራውን ነው የሚያየው። አሁን አዙሬ ልገጥመው ነው።

ቁጥር ወዳድ፦
ቆይ ቆይ! ቦጊው ናስ ነው ብለሃል። ኤሌክትሪኩን በአንድ በኩል ባሉት ጎማዎች የሚወስድ ከሆነ፣ ስታዞረው ግራው ቀኝ ይሆናል። ሽቦውን ሳትቀይር ከለቀቅህበት ሾርት ያደርጋል። መጀመሪያ የጎማዎቹን አሰካክ ገልብጥ ወይም ሽቦውን አቀያይር።

ሚሊ በሚሊ፦
ልክ ብለሃል፣ እኔ ረስቼው ነበር። ባለፉርጎው፣ ይህን ሳታነብ ኤሌክትሪክ እንዳትለቅበት!

ወዝወዝ፦
እሁድ ደረሰ። ባለፉርጎው፣ እንዴት ሆነ? ቪዲዮ ላክልን እንጂ።