እምቢ ማለት ከበደኝ፣ ምከሩኝ

የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። እናቴን ስትሮክ ከመታት 2 ዓመት አለፈ። ማንሳቱ፣ ማጠቡ፣ ማብላቱ የእኔ ነው። ወንድሞቼ ብር ይልካሉ፣ እግዜር ይስጣቸው፤ ግን ብር ሌሊት ተነስቶ አያገላብጥም። በዚያ ላይ የማኅበሩ ድግስ፣ የጎረቤት ለቅሶ... ሁሉም «እሷ አለች አይደል» ይላል። እኔም እሺ እላለሁ።

ባለፈው ሳምንት ከቀፊራ ስመለስ ባጃጅ ውስጥ ራሴን ሳትኩ። የገዛሁት ሽንኩርት አስፋልቱ ላይ ተበተነ። ሾፌሩ ውሃ እያፈሰሰብኝ «እማማ፣ እማማ» ሲል ነው የነቃሁት። ገና 41 ዓመቴ ነው እኮ! ጤና ጣቢያ ሲለኩኝ ግፊቴ 170 በ110። የራሴን ኪኒን ካቆምኩ 3 ሳምንት ሆኖኛል። የእናቴን ግን አንድ ቀን አላሳለፍኩም።

«ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ» የሚለውን ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማለሁ። «እንደ ራስህ» የምትለዋን ግን አሁን ገና ነው ያየኋት። ማርቆስ 6፥31 ላይም ጌታ ሐዋርያቱን፣ ለመብላት እንኳ ጊዜ ቢያጡ፣ ጥቂት ዕረፉ ብሏቸዋል። ይሄ ገብቶኛል። ግን እሁድ ከሰዓት በሬን ዘግቼ ጋደም ስል ልቤ ይከሰኛል። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ልሄድ ተስዬም ነበር፤ እናቴን ማን ይይዝልኛል ብዬ ቀረሁ።

በዚህ ያለፋችሁ ካላችሁ፣ ወንድሞቼ ሳይቀየሙ በየተራ እንዲመጡ እንዴት ልንገራቸው? ሰው ቀጥሮ ማስታመምስ እናትን መጣል ነው? ለነፍስ አባቴ ልናገር እያልኩ አፍሬ እመለሳለሁ።