«በአንድ ታንክ ዋጋ 20 ሺህ ድሮን»፦ ክርክር

ናሆም፦
ትናንት ማታ በአንድ የቴሌቪዥን ውይይት ላይ የጦር ጉዳይ ተንታኝ ተብሎ የቀረበ ሰው እንዲህ አለ። «ዛሬ ታንክ የሚገዛ አገር ገንዘቡን እያቃጠለ ነው። በአንድ ታንክ ዋጋ 20 ሺህ ድሮን ይገዛል።» ጋዜጠኛው አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቀም። ከጠዋት ጀምሮ ሁሉም ሰው ይቺን አረፍተ ነገር እየተቀባበለ ነው። በጣም አናደደኝ። እንዲህ ያለ ወሬ ቁም ነገር ሆኖ የግዥ ውሳኔ ላይ ይደርሳል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ ምሽግ ውስጥ ያለው ልጅ ነው። እስቲ አንዳችሁ ይቺን 20 ሺህ አስረዱኝ። (ዓመተ ምህረቱን ሁላችንም በፈረንጅ እንጻፍ፣ አንደናገር።)

ቢኒ ድሮን፦
ምኑ ያናድዳል? ሂሳቡ ቀላል ነው። አንድ አብራምስ፣ የአሜሪካው ዋና ታንክ፣ ወደ 10 ሚሊዮን ዶላር ይገመታል። ዩክሬኖች የሚያበሩት ትንሹ ኤፍ ፒ ቪ ድሮን፣ አብራሪው በካሜራው እያየ በመነጽር የሚመራው፣ 500 ዶላር ገደማ ነው። አካፍለው፣ 20 ሺህ ይመጣልሃል። አሜሪካ ለዩክሬን 31 አብራምስ ሰጠች። በኤፕሪል 2024 ድሮን መቆሚያ ሲያሳጣቸው ከፊት መስመር ወደ ኋላ ተሳቡ። ይህን የተናገሩት የአሜሪካ ባለሥልጣናት ራሳቸው ናቸው። የአሜሪካ ማሪን ኮርም ከ2020 ጀምሮ የታንክ ሻለቆቹን በትኗል። ሌላ ምን ማስረጃ ትፈልጋለህ?

ታንከኛው፦
ልጆች፣ እኔ ወጣትነቴን ያሳለፍኩት ታንክ ውስጥ ነው። ስለዚህ ወገንተኛ ነኝ፣ አልደብቅም። ግን «ታንክ ሞተ» ሲባል ስሰማ የመጀመሪያዬ አይደለም። በ1973 ግብፆች የስዊዝ ቦይን ሲሻገሩ ማልዩትካ የሚባል በሽቦ የሚመራ የሶቪየት ሚሳኤል ይዘው ነበር። የእስራኤል ታንኮች እግረኛ ሳያስከትሉ፣ መድፍ ሳይቀድማቸው ዘው ብለው ገቡ። ረገፉ። ያን ጊዜም ዓለም ታንክ አበቃለት አለ። እስራኤሎች ግን ቁጭ ብለው አሰቡበት። ሚሳኤሉን የሚተኩሰው ሰው ኢላማው እስኪመታ ድረስ አይኑን ሳይነቅል መምራት አለበት። እሱ ያለበት አካባቢ ላይ መድፍና መትረየስ ካወረድክበት እጁ ይንቀጠቀጣል። እንደዚያ አደረጉ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ታንኮቻቸው ቦዩን ተሻግረው ምዕራብ ዳር ነበሩ። ታንክ ብቻውን ሲላክ ይሞታል። ያኔም እንደዚያ ነበር፣ ዛሬም እንደዚያው ነው።

ቢኒ ድሮን፦
ጋሼ፣ አከብርዎታለሁ፤ ግን ማልዩትካ የሚደርሰው 3 ኪሎ ሜትር ነው። የዛሬው ድሮን አብራሪ ከግንባሩ ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ ምድር ቤት ውስጥ ተቀምጧል። የት ያገኙታል? የትኛው ላይ ነው መድፍ የሚያወርዱት? የሬዲዮ ሲግናሉን ጃም እናድርግ፣ እናውከው ብለው እንዳያስቡ ደግሞ አሁን የፋይበር ኦፕቲክ ገመድ እየተረተረ የሚሄድ ድሮን መጥቷል። ሲግናል የለውም። ምኑን ነው ጃም የሚያደርጉት?

ታንከኛው፦
ገመዱ ዛፍ ላይ ይጠመጠማል። ድሮኑን ያከብደዋል፣ ፍጥነቱንም ይቀንሰዋል። ግን ልክ ነህ፣ ከማልዩትካው ተኳሽ ይልቅ ይሄኛውን ማግኘት ይከብዳል። ይህን አምናለሁ።

ሂሩት ሎጂስቲክስ፦
ሁለታችሁም «ዋጋ» የሚለውን ቃል ዝም ብላችሁ አለፋችሁት። እኔ እንጀራዬ ግዥ ነው፤ የጦር መሣሪያ ባይሆንም ከባድ ማሽን እንገዛለን። ማሽን ገዝቶ መለዋወጫና ሰልጣኝ የረሳ ሰው ዕዳ ነው የገዛው።

ፖላንድ በ2025 ከደቡብ ኮሪያ 180 ኬ 2 ታንክ ለመግዛት ወደ 6.5 ቢሊዮን ዶላር ፈረመች። ለ180 ብታካፍሉት አንዱ 36 ሚሊዮን ይመጣል። ታንኩ ብቻውን 36 ሚሊዮን ስለሆነ ግን አይደለም። ውሉ ውስጥ የብልሽት ማንሻና የድልድይ ተሽከርካሪዎች አሉ፣ ስልጠና አለ፣ ጥገና አለ፣ ፖላንድ ውስጥ ማምረትም አለ። ስለዚህ የቢኒ 10 ሚሊዮን የባዶ ብረት ዋጋ ነው።

ድሮኑም እንደዚያው። 500 ዶላር ማለት ድሮኑ ብቻ ማለት ነው። ፈንጂው፣ መነጽሩ፣ አንቴናው፣ አብራሪው፣ አብራሪውን ወደ ግንባር የሚያደርሰው መኪና የታሉ? የብሪታንያው ሩሲ የሚባለው የጥናት ተቋም በ2025 መጀመሪያ ባወጣው ሪፖርት ከዩክሬን ኤፍ ፒ ቪ ድሮኖች ከ60 እስከ 80 በመቶው ኢላማቸው ላይ አይደርሱም ብሏል። ይህንንም ዋጋው ላይ ደምሩት።

ቢኒ ድሮን፦
ሂሩት፣ ሪፖርቱን ግማሹን ብቻ ነው ያመጣሽው። እዚያው ሪፖርት ላይ ከተመቱትና ከወደሙት የሩሲያ መሣሪያዎች ከ60 እስከ 70 በመቶውን የሚመታው ድሮን ነው ይላል። ከአስሩ አንዱ ብቻ ቢደርስ እንኳ 5 ሺህ ዶላር ነው። በ5 ሺህ ዶላር ሚሊዮን የሚያወጣ ብረት ለበስ አቃጠልክ ማለት ነው። ሌላ ምን ይባላል?

ሂሩት ሎጂስቲክስ፦
ሁለቱንም ቁጥር እቀበላለሁ። ያልተቀበልኩት 20 ሺህን ነው።

የምስራቅ ነፋስ፦
እናንተ ስለ አብራምስ ታለቅሳላችሁ። የወደቀው የምዕራቡ ታንክ ነው፣ በማስታወቂያ የገነነው። ሩሲያዎች ግን እየተማሩ ነው። በ2024 ታንኩን በቆርቆሮና በፍርግርግ ሸፍነው ሲያወጡ «የኤሊ ታንክ» እያሉ ሳቁባቸው። ድሮን ደጋግሞ መቶት ወደፊት ሲሄድ በቪዲዮ አየን። አሁን የሚስቅ አለ?

ናሆም፦
ወንድሜ፣ ወገንህን ውደድ፤ ግን የሩሲያውን ታንክ ቲ 72ን አንርሳው። ጥይቱ ቱሬቱ (መድፉን ይዞ የሚዞረው የላይኛው ክፍል) ስር ክብ ሆኖ ነው የሚደረደረው፣ ሠራተኞቹ እላዩ ላይ ተቀምጠው። አንድ ነገር ዘልቆ ከገባ ቱሬቱ ሰማይ ላይ ነው። ስንቱን አየን? አብራምስ ጥይቱን ከኋላ በተለየ ክፍል ነው የሚይዘው። ታንኩ ቢቃጠልም ሠራተኛው ወጥቶ የመትረፍ ዕድል አለው። ለእኔ የዋጋው ልዩነት እዚያ ላይ ነው።

የምስራቅ ነፋስ፦
ቲ 72 ሦስት ሰው ነው የሚይዘው፣ አብራምስ አራት። ክብደቱም በጣም ያንሳል። ድልድይ ሳይሰብር ይሻገራል። ይህንንም ቁጠርልኝ።

ታንከኛው፦
ስለ ኤሊው ልናገር። እውነት ነው፣ ጥቂት ድሮን ያስቆማል። ግን ቱሬቱ አይዞርም። ሾፌሩ ፊት ለፊቱን በጠባብ ቀዳዳ ነው የሚያየው። አዛዡ ግራና ቀኙን አያይም። ይህ የሚዋጋ ታንክ አይደለም፣ እግረኛ የሚያደርስና ፈንጂ የሚጠርግ ነገር ነው። እኔ ውስጡ ሆኜ ሳስበው ትንፋሼ ይጠባል። ታንክ ውስጥ ስትሆን ሰንሰለትህ እንዳይወልቅ ነው ቀን ከሌሊት የምትጸልየው። ከወለቀ ወርደህ በእጅህ ነው የምትገጥመው። ድሮን ባለበት ሰማይ ስር ማን ይወርዳል? ድሮን ታንኩን የቀየረው እዚህ ላይ ነው። ብረቱን መበሳቱ አዲስ ነገር አይደለም። ጥገናውን፣ ነዳጁን፣ ጥይት ማቀበሉን ነው ያጠፋው።

ቢኒ ድሮን፦
እንዴ ጋሼ፣ እኔን እኮ እየደገፉኝ ነው!

ታንከኛው፦
እውነቱን ነው የምናገረው። የደገፈህ መስሎ ከታየህም ይሁን።

ቢኒ ድሮን፦
ይሁን። አዘርባጃንና አርመን የተዋጉበትን ካራባኽን ደግሞ አስታውሱ። በ2020 በ44 ቀን ጦርነት አዘርባጃን በቱርኩ ባይራክታርና በእስራኤሉ ሀሮፕ ድሮኖች የአርመንን ታንክ፣ መድፍና አየር መከላከያ አጠፋች። ጦርነቱን ድሮን አሸነፈ።

ናሆም፦
«ጦርነቱን ድሮን አሸነፈ»! ይሄ ደግሞ ሌላው ነው። የካራባኽን ቁልፍ ከተማ ሹሻን ማን ያዘ? በገደል ላይ በእግራቸው ወጥተው፣ ቀላል መሣሪያ ይዘው የገቡ እግረኞች ናቸው። አርመን እጇን የሰጠችው ሹሻ ስትወድቅ ነው። ድሮኑ መንገዱን ጠረገ፣ ከተማዋን የያዘው ሰው ነው። ሌላም አለ። አዘርባጃኖች መጀመሪያ ያረጁ አንቶኖቭ 2 አውሮፕላኖችን ማታለያ አድርገው ላኩ። የአርመን አየር መከላከያ ሲተኩስ ቦታው ታወቀ። ከዚያ ነው የተመታው። ይህ ሁሉ የዕቅድ ሥራ ነው፣ ከሱቅ የሚገዛ ነገር አይደለም። ያው ባይራክታር በ2022 ዩክሬን ውስጥ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ገነነ። ሩሲያ አየር መከላከያዋን በደንብ ስትዘረጋ ከግንባሩ ጠፋ።

ቢኒ ድሮን፦
ባይራክታር ትልቅ ድሮን ነው፣ ኢላማ ነው። ስለ ትንሹ ነው የምናወራው። አታምታታ።

ናሆም፦
ካራባኽን ያመጣኸው አንተ ነህ እኮ!

ሶስና፦
ታንክና ድሮን እያላችሁ ስትነታረኩ ትልቁን ነገር ዘለላችሁት። ሂሳቡ የከፋው ራሱን የሚከላከለው ላይ ነው። የኢራኑ አጥፍቶ ጠፊ ድሮን ሻሄድ 136፣ ሩሲያ ገራን 2 የምትለው፣ ከ20 እስከ 50 ሺህ ዶላር ይገመታል። የአሜሪካው አየር መከላከያ የፓትሪየት አንዱ ሚሳኤል ወደ 4 ሚሊዮን ዶላር ነው። በሴፕቴምበር 2025 ወደ 20 የሚጠጉ የሩሲያ ድሮኖች ፖላንድ ሲገቡ ኤፍ 35 የጦር ጄት ተነሳባቸው። ከድሮኖቹ አብዛኞቹ ገርበራ የሚባሉ ርካሽ ማታለያዎች ነበሩ፣ ከፎምና ከኮምፖርሳቶ የተሠሩ። ቀይ ባሕር ላይም የአሜሪካ መርከቦች የየመኖቹን የሁቲዎችን ድሮን ሚሊዮኖች በሚያወጣ ሚሳኤል ሲመቱ ከረሙ። ለዚህ ነው ዩክሬኖች አሁን ጥቂት ሺህ ዶላር በሚያወጣ፣ አየር ላይ በሚመታ ጠላፊ ድሮን ሻሄድን ማሳደድ የጀመሩት። እናንተ የምትጨቃጨቁበት ገንዘብ መሄድ የነበረበት እዚያ ነው።

ሂሩት ሎጂስቲክስ፦
ሶስና ትክክል ናት። ግን አንድ ነገር ልጨምር። ያ 4 ሚሊዮን የሚመዘነው ከሻሄዱ ዋጋ ጋር አይደለም፣ ሻሄዱ ሊመታው ከነበረው የኃይል ማመንጫ ጋር ነው።

ሶስና፦
ተቀብያለሁ። ግን ሚሳኤሉ ያልቃል ሂሩት። ገንዘብ ቢኖርሽ እንኳ ፋብሪካው በፈለግሽው ፍጥነት አያደርስልሽም።

ናሆም፦
ይኸው! ይሄን ነው ስል የነበረው። የአውሮፓ ኅብረት በማርች 2023 በአንድ ዓመት 1 ሚሊዮን የመድፍ ጥይት እሰጣለሁ አለ። ቀኑ ሲደርስ ያቀረበው ግማሽ ያህሉን ነበር። ገንዘቡ ጠፍቶ አይደለም፣ ፋብሪካው አልነበረም። ሰው ሁሉ ዋጋ ዋጋ ይላል፣ ማምረቻውን የሚጠይቅ የለም።

ቢኒ ድሮን፦
ናሆም፣ ይሄ ለእኔ ነው የሚመሰክረው። ጥይቱ ሲጠፋ ግንባሩን ማን ያዘው? ድሮን! ዩክሬን በ2024 ብቻ ከ1 ሚሊዮን በላይ ድሮን አመረተች። በየጋራዡ፣ በየምድር ቤቱ። የመድፍ ጥይት በየጋራዡ አይሠራም።

ናሆም፦
ጥይት ስላጣ ነው ድሮን የያዘው። የመድፍ ጥይት በዝናብም በጭጋግም በነፋስም ይሄዳል። እዚያ ያለውን ወታደር ምረጥ ብትለው ሁለቱንም ነው የሚልህ። አንዱን ጥለህ ሌላውን ግዛ የሚልህ ስቱዲዮ ውስጥ የተቀመጠው ነው።

ሶስና፦
አንድ ነገር ልበል። ስለ ትንንሾቹ ድሮኖች ስትጽፉ በደስታ ነው፣ ያስፈራኛል። ዩክሬን፣ ኬርሶን ከተማ ውስጥ ብስክሌት የሚነዳ ሽማግሌ፣ አውቶቡስ የምትጠብቅ ሴት በድሮን ይታደናሉ። የተባበሩት መንግሥታት አጣሪ ኮሚሽን በሜይ 2025 ይህ በሰብአዊነት ላይ የተፈጸመ ወንጀል ነው ብሏል። በዚያው ወር ፖርት ሱዳን ላይ የነዳጅ ማከማቻውና አውሮፕላን ማረፊያው በድሮን ተመታ። ከጦርነቱ ሸሽቶ የተጠለለው ሕዝብ እዚያ ነበር። ርካሽ መሣሪያ ማለት ማንም የሚያገኘው መሣሪያ ማለት ነው።

የምስራቅ ነፋስ፦
ርዕሱ ይህ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ስለ አንድ ወገን ብቻ ነው የሚጽፈው።

ሶስና፦
ርዕሱ ዋጋ ነው ተብሏል። ይህም ዋጋ ነው። አንተ የሞተውን ሰው ከየትኛው ወገን ነው ብለህ ትጠይቃለህ፣ እኔ አልጠይቅም።

ቢኒ ድሮን፦
ሶስና፣ ስለ ኬርሶኑ አልከራከርሽም። ያማል። እኔ ስለ ግዥ ብቻ ነው የማወራው።

ሂሩት ሎጂስቲክስ፦
እንግዲያው ስለ ግዥ አንድ ጥያቄ መልስልኝ ቢኒ። 20 ሺህ ድሮንህን ዛሬ ገዛህ እንበል። ሞተሩና ባትሪው በአብዛኛው ከቻይና ነው። ቻይና በ2023 የድሮንና የዕቃዎቹን የውጭ ሽያጭ መቆጣጠር ጀምራለች። ነገ ብትዘጋብህስ? ጠላትህ በስድስት ወር ውስጥ ፍሪኩዌንሲህን ቢያውቀውስ? መጋዘን ያለው 20 ሺህ ምን ይሆናል?

ቢኒ ድሮን፦
ለዚህ ነው በየወሩ ትንሽ ትንሽ የሚገዛው። በአንዴ 20 ሺህ ግዛ ያለ የለም።

ናሆም፦
ተንታኙ ብሏል! ክርክሩ የተነሳው በዚህ ነው!

ቢኒ ድሮን፦
እሱ ለምሳሌ ነው ያለው። አንተ አንድ ቃል ይዘህ ከጠዋት ጀምሮ አልለቅ አልክ።

ታንከኛው፦
ቢኒ ልጄ፣ እኔም አንድ ጥያቄ አለኝ። 20 ሺህ ድሮንህ የጠላትን ምሽግ ደበደበው፣ ጸጥ አለ። ከዚያ 800 ሜትር ሜዳ አለ። ልጆቹ በምን ይሻገሩታል?

ቢኒ ድሮን፦
በሞተር ሳይክል። ሩሲያዎችም እንደዚያ ነው የሚሻገሩት።

ታንከኛው፦
ስንቱ ይደርሳል?