«ልሙጥ» ስንል የትኛውን ባንዲራ ነው?

ጥያቄ፣ ከለገጣፎ፦
«ልሙጥ ባንዲራ» አንዳንዱ ዘንድ «ዓርማ የሌለው» ነው፤ ሌላው ዘንድ «የንጉሡ ዘመን ባንዲራ» ነው። ለቆዩ ፎቶግራፎች መግለጫ ሲጻፍ ሁለቱ ፍቺዎች ይጋጫሉ። ቃሉ በትክክል የሚሸፍነው የቱን ነው? «ባንዲራ» ማለትስ ስሕተት ነው?

መልስ፣ ከሰበታ፦
ልሙጥ የሚናገረው ስለ ገጽ ብቻ ነው። ጥለት የሌለው ጨርቅ ልሙጥ ነው፤ መስመር የሌለው ወረቀትም ልሙጥ ነው። በቃሉ ውስጥ ዘመንም ንጉሥም የለም። «የንጉሡ ባንዲራ» የሚለው ፍቺ ደግሞ ታሪኩም አይደግፈውም። በዘውዱ ጊዜ የመንግሥቱ መለያ የነበረው ባለአንበሳው ነው። ልሙጡ በዚያው ዘመን በሕዝብ እጅ ነበረ፤ ከዘውዱ ውድቀት በኋላም በደርግ ጊዜ ተውለብልቧል። ደርግ ከወደቀ በኋላም ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ ባለኮከቡ ዓርማ በ1988 ዓ.ም. እስኪደነገግ ድረስ መንግሥት የሰቀለው ልሙጡን ነው። ስለዚህ ልሙጥ ባንዲራ ያለበትን ፎቶ በባንዲራው ብቻ «የጃንሆይ ዘመን» ብሎ መፈረጅ አይቻልም፤ ልብሱ፣ መኪናው፣ የመንገድ ጽሑፉ መታየት አለበት።

ባለአንበሳው ግን ዘመኑን ይናገራል። አንበሳው ዘውድ ደፍቶ ጫፉ መስቀል የሆነ ዘንግ ከያዘ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ነው። ዘውዱ ተነሥቶ የዘንጉ ጫፍ የጦር ስለት ከሆነ ከ1967 ዓ.ም. በኋላ የመጣው ነው። ሰማያዊ ክብ ውስጥ ቢጫ ኮከብ ካለ ከ1988 ወዲህ ነው። በጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ አረንጓዴውና ቀዩ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ሊወጡ ይችላሉ፤ «ተገልብጦ የተሰቀለ» ብሎ ለመጻፍ መቸኮል አይገባም።

ስለ አንበሳው ካነሣን አይቀር፣ «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» እንደ ንጉሥ ማዕርግ ብቻ ሲፈታ ይታያል። ሞዐ ግሥ ነው፣ «አሸነፈ» ማለት። ሙሉው ዐረፍተ ነገር «ከይሁዳ ነገድ የሆነው አንበሳ አሸነፈ» ይላል፤ ምንጩም ራእይ 5፥5 ነው፤ አንበሳው እዚያ ክርስቶስ ነው። ነገሥታቱ ከስማቸው በፊት ያስቀድሙት ስለነበር ነው ስለ ንጉሡ የተነገረ የመሰለው።

መልስ፣ ከቡራዩ፦
በመዝገበ ቃላት ፍቺው እስማማለሁ፤ ግን ቃል ሰው በሚጠቀምበት መጠን ይሰፋል። ባለኮከቡ ከመጣ ወዲህ «ልሙጥ» መግለጫ መሆኑ ቀርቶ የመለያ ስም ሆኗል። ዓርማ የሌለውን መጠቀም አዋጅ ቁጥር 654/2001 ስለሚከለክል ደግሞ «የተከለከለው» የሚል ጥላ ተጨምሮበታል። ይህን ያላየ ፍቺ ጎዶሎ ነው።

ለያዡ ልሙጡ ዐድዋ ነው፣ አርበኛ ነው፤ ለብዙ ምእመን ደግሞ በዘፍጥረት 9 ለኖኅ የተሰጠው የቀስተ ደመና ቃል ኪዳን ነው። እዚህ አዲስ አበባ ዙሪያ ባለው ኦሮሚያ ግን ያንኑ ቀለም ሲያይ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የመጣውን ወረራና የመሬት መነጠቅ የሚያስታውስ ብዙ ሰው አለ። ለእሱ ቅርቡ ጥቁር፣ ቀይና ነጭ ሆኖ ኦዳ ያለበት አላባ ነው (አላባ በኦሮምኛ ባንዲራ ነው፤ ከእኛ ዓላማ ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ ልብ በሉ)። ባለኮከቡን የሚወድ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 3 ይጠቅሳል፦ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦች፣ ሕዝቦችና ሃይማኖቶች በእኩልነትና በአንድነት የመኖር ተስፋቸው ዓርማው ላይ ነው። የማይወደው የአንድ ፓርቲ ማኅተም ነው ይለዋል፤ «አምባሻ» ብሎ የሚጠራውም አለ። አምባሻ በዚህ አገባቡ ስድብ ነው፤ የማንም መግለጫ ውስጥ መግባት የለበትም። «ነፍጠኛ ባንዲራ» ማለትም እንደዚያው።

እነዚህ ሁሉ ፍቺዎች ሰዎች በእውነት የሚሰጧቸው ናቸው። አንዱን «ትክክለኛው» ብሎ ሌላውን መሰረዝ የቃል ጥናት አይደለም። «ለእገሌ ወገን እንዲህ ነው» ተብሎ ከባለቤቱ ጋር ይጻፍ።

መልስ፣ ከአቃቂ፦
ባንዲራ ከጣሊያንኛ የመጣ ቃል ነው፤ ሰው ሁሉ ይለዋል፣ ስሕተት የለበትም። «ከባንዳ የመጣ ነው፣ ስለዚህ ውርደት ነው» የሚለው ግን ልክ አይደለም። ባንዳም ከጣሊያንኛ ነው፤ ሁለቱ ወደ አማርኛ የገቡት በየራሳቸው ፍቺ ነው፤ ባንዲራ «የባንዳ ምልክት» ሆኖ አያውቅም። ሰንደቅ ዘንጉ ነው፣ ዓላማ ምልክቱ። ተኳሽ የሚያነጣጥርበት ዒላማም ከዚያው ቤት ነው። ለሕግና ለሥነ ሥርዓት ጽሑፍ ሰንደቅ ዓላማ፣ ለንግግር ባንዲራ ይበቃል። «ጨርቅ» ማለት ግን፣ በቁሙ እውነት ቢሆንም፣ በአማርኛ ሰሚ ጆሮ ንቀት ነው።

መልስ፣ ከገላን፦
ለልብስ ሰፊ «ልሙጥ» ብቻ ብሎ ማዘዝም ያሳስታል፤ ሰፊው አንድ ቀለም ያለው ጨርቅ ሊመስለው ይችላል። ያሁኑ ሕጋዊ ባንዲራ መጠኑ 1 በ2 ነው። ወርዱ 90 ሳንቲ ከሆነ ርዝመቱ 180፣ እያንዳንዱ ቀለም 30። አንቀጽ 3 ሦስቱ ቀለማት «እኩል» ሆነው «በአግድም» ይቀመጣሉ ይላል፤ እኩልነቱ የሚበላሸው መቀስ ላይ ነው። ስፌቱ ከየጠርዙ 1 ሳንቲ፣ የውጭው እጥፋት 2 ሳንቲ ይወስዳል እንበል። ቢጫው በሁለቱም ጠርዝ ስለሚሰፋ 32 ይቆረጣል፤ አረንጓዴውና ቀዩ 33። ሦስቱም 30 ከተቆረጡ ቢጫው 28፣ ሌሎቹ 27 ሆነው ይወጣሉ። ዓርማው በአንድ ፊት ብቻ ከታተመ ደግሞ ነፋስ ሲያዞረው ከጀርባ ልሙጥ ይመስላል፤ ለጠብ የሚዳርግ ጉድለት ነው።

ጠያቂው፣ ከለገጣፎ፦
አመሰግናለሁ። እንግዲህ መግለጫው «ልሙጡን ባንዲራ የሚደግፉ ሰልፈኞች» ቢባል ያስኬዳል?

መልስ፣ ከቡራዩ፦
አያስኬድም። መደገፋቸው ከፎቶው አይታይም። «ዓርማ የሌለው አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ባንዲራ የያዙ ሰዎች» ይበሉ። ቦታውና ዓመተ ምሕረቱ ከተረጋገጠ ይከተል፤ ካልተረጋገጠ ይቅር። በሰልፉ ላይ ከተሰማ መፈክር ፍላጎታቸው የሚታወቅ ከሆነ መፈክሩን እንዳለ በጥቅስ ያስገቡት።