ፕሮፕራኖሎል ያልሠራለት የአንገት እብጠት፦ ሲሮሊመስ ለልጄ ይሆናታል?

ጥያቄ፦ የሐዋሳዋ እናት

ጤና ይስጥልኝ። ልጄ ሦስት ዓመት ከስምንት ወሯ ነው። ከተወለደችበት ቀን ጀምሮ ከቀኝ ጆሮዋ ሥር ወደ አንገቷ የሚወርድ ለስላሳ እብጠት አላት። የቆዳዋ ቀለም አልተለወጠም፤ በጣቴ ስጫነው ውሃ እንደያዘ ላስቲክ እየሸሸ ይመለሳል። ጉንፋን ወይም ቶንሲል በያዛት ቁጥር ግን በአንድ ሌሊት ያብጥና ይጠጥራል፤ ወደ ነበረበት ለመመለስም ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል። ካለፈው ዓመት ወዲህ ደግሞ በምላሷ ጠርዝ ላይ ሰሊጥ የሚያካክሉ፣ ውሃ የቋጠሩ ነጠብጣቦች ወጥተዋል፤ ጥርሷን ሳጥባት አንዳንዶቹ ይደማሉ።

የሰባት ወር ሕፃን ሳለች የታየችበት ክሊኒክ አልትራሳውንድ እንኳ ሳያሳያት «ሄማንጂዮማ (የደም ሥር እጢ) ነው» ብሎ ፕሮፕራኖሎል አዘዘላት። አሥር ወር ሙሉ በቀን ሁለት ጊዜ ሳላቋርጥ ሰጠኋት፤ እብጠቱ ግን ቅንጣት አልቀነሰም። ምናልባት አሰጣጡን አበላሽቼው ይሆን እያልኩ ራሴን ስወቅስ ከርሜአለሁ። በቅርቡ ያያት ሌላ ሐኪም ሲሮሊመስ የሚባል መድኃኒት ሊጠቅማት እንደሚችል ነግሮን ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ጻፈልን። ስጠይቅ ኩላሊት የተተከለላቸው ሰዎች የሚወስዱት ነው ተባልኩ። የኩላሊት መድኃኒት ለአንገት እብጠት እንዴት ይሆናል? ያድናታል ወይስ ዕድሜ ልክ ትወስደዋለች? ሕመሙንስ እኔ ነኝ ያወረስኳት? የምታውቁ ብትመልሱልኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መልስ፦ የሕፃናት ሐኪም፣ አዲስ አበባ

እህቴ፣ ልጅዎን ሳላይ የበሽታዋን ስም በእርግጠኝነት መናገር አልችልም፤ የጻፉት ታሪክ ግን ብዙ ይናገራል። በዚህ ሕመም ከሁሉ የሚቀድመው ትክክለኛውን ስም ማግኘት ነው፤ መድኃኒቱ የሚከተለው ስሙን ነውና።

እ.ኤ.አ. በ1982 መሊከን እና ግሎዋኪ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች፣ እስከዚያ ድረስ በአንድ ስም ሲጠሩ የኖሩትን የደም ሥር ችግሮች በሁለት ከፈሏቸው። አንደኛው ወገን ህዋሶቹ እየተባዙ የሚያድጉበት እጢ ነው፤ የሕፃናት ሄማንጂዮማ ከዚህ ይመደባል። ሕፃኑ ሲወለድ አብዛኛውን ጊዜ አይታይም ወይም ደብዘዝ ያለ ምልክት ብቻ ይሆናል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቀይ ሆኖ ይወጣና እስከ አምስተኛው ወር ገደማ በፍጥነት ያድጋል፤ ከዚያ በዓመታት ውስጥ በራሱ ይከስማል። ብዙ እናቶች «ማርያም የሳመችው» የሚሉት ቀይ ምልክት አንዳንዴ ይኸው ሆኖ ይገኛል። ሁለተኛው ወገን በማሕፀን ውስጥ ሥሮቹ ሲሠሩ የተዛባ አፈጣጠር ነው። ከልደት ጀምሮ አለ፤ ከልጁ ጋር አብሮ ያድጋል፤ በራሱ አይከስምም። ቀለም የሌለው፣ ለስላሳ፣ ኢንፌክሽን በመጣ ቁጥር የሚያብጥ፣ በምላስ ላይ ውሃ የቋጠሩ ነጠብጣቦችን የሚያወጣ እብጠት ሲገለጽልኝ መጀመሪያ የማስበው የሊምፍ ሥሮች፣ ማለትም ከደም ሥር ወጥቶ በአካል ውስጥ የቀረውን ፈሳሽ ወደ ደም የሚመልሱት ቀጫጭን ቱቦዎች፣ አፈጣጠር መዛባትን ነው።

ስለዚህ ፕሮፕራኖሎሉን በትክክል ሰጥተዋት ሊሆን ይችላል፤ የተሰጠው ግን ለማይሠራበት ሕመም ይመስለኛል። መድኃኒቱ ራሱ በሄማንጂዮማ ላይ ያመጣው ለውጥ እጅግ ትልቅ ነው። የፈረንሳይዋ ቦርዶ ከተማ ሐኪሞች ለልብ ችግር ፕሮፕራኖሎል የሰጡት አንድ ሕፃን ነበር፤ በማግስቱ አፍንጫው ላይ ያለው ሄማንጂዮማ ቀለሙ ተለውጦና ለስልሶ አገኙት፤ ይህንንም እ.ኤ.አ. በ2008 ጽፈው አሳወቁ። በኋላ 460 ሕፃናት በተካተቱበት ጥናት ላይ መድኃኒቱን በሙሉ መጠን ለስድስት ወር ከወሰዱት ውስጥ 60 በመቶ የሚሆኑት እጢው ጠፍቶላቸዋል ወይም ሊጠፋ ተቃርቧል፤ መድኃኒት የሌለበት ፈሳሽ ከተሰጣቸው ግን 4 በመቶው ብቻ ናቸው። እጢ ላይ እንዲህ የሠራ መድኃኒት ለተዛባ የሊምፍ ሥር ምንም ላያደርግ ይችላል።

አሁን ወደ ሲሮሊመስ ልምጣ። መድኃኒቱ የተገኘው ራፓ ኑኢ ከተባለችው የፓስፊክ ደሴት በ1960ዎቹ ከተወሰደ አፈር ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ ነው፤ ራፓማይሲን የሚለው ሌላ ስሙም ከደሴቲቱ የመጣ ነው። የተተከለን ኩላሊት ሰውነት እንዳይገፋው እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ ተፈቀደ። ከሊምፍ ሥር ጋር የሚያገናኘው ደግሞ ይህ ነው፦ አብዛኞቹ የሊምፍ ሥር መዛባቶች ፒአይኬ3ሲኤ በሚባል ዘረ መል ላይ ከሚደርስ ለውጥ ይመጣሉ። ይህ ዘረ መል ለህዋሱ «እደግ፣ ተባዛ» የሚለውን መልእክት ያስተላልፋል። ለውጥ ሲደርስበት መልእክቱ ሳይዘጋ እንደተረሳ የውሃ ቧንቧ መፍሰሱን ይቀጥላል። ሲሮሊመስ በዚሁ መስመር ዝቅ ብሎ የሚገኘውን ኤምቶር የተባለ ፕሮቲን ይዘጋል። የተተከለውን ኩላሊት ከሰውነት ተከላካይ ህዋሶች የሚጠብቀውም ይህንኑ መስመር በእነርሱ ውስጥ በመዝጋት ነው።

ለውጡ የደረሰው ልጅዎ በማሕፀን ሳለች በአንድ ህዋስ ላይ ሲሆን፣ የሚገኘውም ከዚያ ህዋስ በተባዙት ውስጥ ብቻ ነው። ከእርስዎም ከአባቷም አልወረሰችውም፤ በእርግዝና ጊዜ የበሉት ወይም ያደረጉት ነገርም አላመጣውም። ይህን ደጋግሜ የምናገረው ከጥያቄዎችዎ ሁሉ ይኸኛው ሌሊት እንቅልፍ እንደሚነሣ ስለማውቅ ነው።

ውጤቱን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የአሜሪካ ጥናት 61 ሕሙማንን አካትቶ ነበር። ከስድስት ወር ገደማ ሕክምና በኋላ ከተገመገሙት 57 ሰዎች 47ቱ በከፊል ተሻሽለዋል፣ ሦስቱ ባሉበት ቆይተዋል፣ ሰባቱ ብሶባቸዋል። እብጠቱ ፈጽሞ የጠፋለት ግን አንድም ሰው አልነበረም። ስለዚህ «ያድናታል» ከማለት «ያሳንሳል፣ ያስታግሳል፣ መድማቱንና መቆጣቱን ይቀንሳል» ማለት ይሻላል። ሲቋረጥ ምልክቱ የሚመለስባቸው ልጆች ብዙ ናቸው፤ ለረጅም ጊዜ እፎይ የሚሉም አሉ።

ከዚህ በፊት ግን አልትራሳውንድ፣ ቀጥሎም ኤምአርአይ ያስፈልጋታል። ፈሳሹን የያዙት ከረጢቶች ትልልቅ ከሆኑ፣ ፈሳሹን በመርፌ ቀድቶ ዶክሲሳይክሊን ወይም ብሊዮማይሲን በመርጨት ማድረቅ ከክኒን ይልቅ ሊቀድም ይችላል። ጥቃቅን ሆነው በሥጋው ውስጥ የተበተኑ ከሆኑ ለመርፌም ለቢላዋም አይመቹም፤ ሲሮሊመስ ዋጋው ጎልቶ የሚታየው እዚያ ላይ ነው።

መልስ፦ ፋርማሲስት፣ አዳማ

ዶክተር በጻፉት ላይ ስለ አወሳሰዱ ጥቂት ልጨምር። እህቴ፣ ስለ መድኃኒቱ ዋጋ ከመጠየቅዎ በፊት በደም ውስጥ ያለውን የሲሮሊመስ መጠን የሚለካ ላቦራቶሪ የት እንደሚገኝ ይጠይቁ። ቀደም ሲል በተጠቀሰው ጥናት የተፈለገው መጠን በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ከ10 እስከ 15 ናኖግራም ነበር፤ ዛሬ ብዙ ሐኪሞች ከዚያ ዝቅ ባለም ይሠራሉ። ናሙናው የሚወሰደው የጠዋቱ መድኃኒት ከመሰጠቱ በፊት ነው፤ ከሰጧት በኋላ የተቀዳ ደም ሐኪሙን ያሳስተዋል። ልኬት በሌለበት መጀመር ልጅን ለአደጋ ማጋለጥ ነው። በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ እ.ኤ.አ. በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከተጀመረ ወዲህ እንዲህ ያሉ ልኬት የሚሹ መድኃኒቶችን የሚከታተሉ ባለሙያዎች አሉ፤ የልጅዎ ሐኪም ከእነርሱ ጋር ቢማከር መልካም ነው።

ፈሳሹ በማቀዝቀዣ ይቀመጣል፤ ከተከፈተ በኋላ የሚቆየው አንድ ወር ነው። የሚበረዘው በውሃ ወይም በብርቱካን ጭማቂ ብቻ፣ በብርጭቆ ወይም በፕላስቲክ ኩባያ ነው። በወተት ወይም በሻይ አይበረዝም። ክኒኑ አይሰበርም፣ አይፈጭም፤ «ግማሹን ስጫት» ብሎ የሚመክር ሰው ካጋጠመዎ አይስሙት። የግሬፕፍሩት ጭማቂ፣ ክላሪትሮማይሲንና ኬቶኮናዞል መጠኑን ከፍ ያደርጉታል፤ የቲቢ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን ደግሞ እጅግ ዝቅ ያደርገዋል። በእኛ አገር ይህ የመጨረሻው በብርቱ ሊታሰብበት ይገባል፤ ሲሮሊመስ በሽታን የመከላከል አቅምን ስለሚያዳክም ሳይጀመር በፊት ቤት ውስጥ የሚያስል ሰው ካለ መመርመር አለበት። እንደ ኩፍኝ ያሉ ሕያው ክትባቶችም በሕክምናው ወቅት ስለማይሰጡ የክትባት ካርዷን ይዘው ይሂዱ። በብዛት የሚታየው ጉዳት የአፍ ውስጥ ቁስል ነው፤ የደም ቅባት መጨመርና የደም ህዋሳት መቀነስም ስለሚኖሩ በየጊዜው የደም ምርመራ ይደረግላታል። መድኃኒቱን እየወሰደች ከተኮሳት በቤት ውስጥ ፓራሲታሞል ሰጥቶ ማሳደር አይገባም፤ በዚያው ቀን መታየት አለባት።

መልስ፦ አባት፣ ሜሪላንድ

እህቴ፣ የሚያልፉበትን መንገድ ስለማውቀው ነው የምጽፈው። የዘጠኝ ዓመቱ ልጄ የቀኝ እግሩ ደም መላሽም የሊምፍም ሥሮቹ የተዛቡ ናቸው፤ እግሩም ከግራው ስለሚወፍር ሁልጊዜ ቁጥራቸው የተለያየ ሁለት ጥንድ ጫማ እንገዛለን። ጭኑ ላይ ካሉት ነጠብጣቦች የሚወጣው ፈሳሽ ሌሊት አንሶላውን አርሶ ያድር ስለነበር ጠዋት ጠዋት ስናላቅቀው ያለቅስ ነበር። ሲሮሊመስ በጀመረ በአራተኛው ወር አንሶላው ደረቀ። እግሩ ግን አልቀጠነም፤ አፉም በየወሩ ይቆስል ነበር።

በኋላ ወደ አልፔሊሲብ ተዛወረ። ይህ ደግሞ ዶክተር ያሉትን ቧንቧ ከላይ፣ ከራሱ ከፒአይኬ3ሲኤ ላይ የሚዘጋ፣ መጀመሪያ ለጡት ካንሰር የተሠራ መድኃኒት ነው። በፓሪስ ኔኬር ሆስፒታል የሚሠሩ ሐኪሞች ለ19 ሕሙማን ሰጥተው ያዩትን መልካም ውጤት እ.ኤ.አ. በ2018 አሳተሙ፤ በሚያዝያ 2022 ደግሞ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በዚህ ዘረ መል ምክንያት ከባድ የአካል እድገት መዛባት ላለባቸው፣ ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በላይ ለሆኑ ሕሙማን ፈቀደው። ሰው ተስፋውን እንዳያጋንን ቁጥሩንም ልናገር፦ ለፈቃዱ መሠረት በሆነው ጥናት ከ37 ሕሙማን በ24 ሳምንት ውስጥ እብጠታቸው ቢያንስ በአንድ አምስተኛ የቀነሰላቸው 27 በመቶዎቹ ናቸው። ለእኛ ልጅ ግን ኳስ እስከ መጫወት አድርሶታል። የደም ስኳር ስለሚያስጨምር በየጊዜው እንለካለን።

አንድ ነገር ባውቅ ኖሮ ሁለት ዓመት አልባክንም ነበር። የዘረ መሉን ለውጥ ከደሙ ፈለጉት፤ አልተገኘም። የተገኘው ከእግሩ ከተወሰደ ሥጋ ነው፤ ለውጡ ያለው እዚያ ብቻ ነውና። ስለዚህ አንድ ቀን ሐኪሞች ከልጅዎ እብጠት ላይ ማንኛውንም ነገር ከቆረጡ ወይም ከቀዱ፣ ናሙናው ለዘረ መል ምርመራ እንዲቀመጥ አስቀድመው ይጠይቁ። ይህ የሚጠቅመው ለአልፔሊሲብ ብቻ አይደለም። በፊላደልፊያ አንድ የ12 ዓመት ልጅ በሌላ ዘረ መል፣ በኤራፍ ላይ በደረሰ ለውጥ ምክንያት የሊምፍ ፈሳሹ መሄጃ አጥቶ ትንፋሹን ሊያሳጣው ደርሶ ነበር። ለውጡ ስለታወቀ የቆዳ ካንሰር መድኃኒት የሆነው ትራሜቲኒብ ተሰጠው፤ የሊምፍ ሥሮቹ መልካቸውን ለውጠው ፈሳሹ እንደገና መንገድ አገኘ። ይህ እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሟል። ለእርሱ ሲሮሊመስ አልጠቀመውም ነበር፤ የተበላሸው መስመር ሌላ ነውና።

የሐዋሳዋ እናት፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ አልትራሳውንድ ተነሥታለች። ወረቀቱ ላይ አንገቷ ውስጥ አንድ ትልቅ ከረጢት፣ ስፋቱ 4 ሴንቲ ሜትር፣ ዙሪያውንም ብዙ ጥቃቅን ከረጢቶች እንዳሉ ተጽፏል፤ ደም የሚፈስበት የለም ይላል። ዶክተር፣ አዲስ አበባ የተሰጠን ቀጠሮ ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው። እስከዚያ መጠበቅ እንችላለን?

የሕፃናት ሐኪም፦

ውጤቱ ከሊምፍ ሥር መዛባት ጋር ይስማማል። ትልቁን በመርፌ ማድረቅ፣ ለጥቃቅኖቹና ለምላሷ ሲሮሊመስን ማሰብ፣ ሁለቱንም በየተራ ማድረግ ይቻል ይሆናል፤ ይህን ኤምአርአይ ያየ ቡድን ይወስናል። መጠበቁን በተመለከተ የምጠይቅዎ ስለ ትንፋሿ ነው። ስትተኛ ታንኮራፋለች? በእንቅልፏ መካከል ትንፋሿ ቆም ይላል? ምላሷ አብጦ ምራቋ ይፈስሳል፣ ወይም ለመዋጥ ትቸገራለች? ከእነዚህ አንዱ ካለ አምስት ሳምንት አይጠበቅም፤ የአልትራሳውንዱን ወረቀት ይዘው በድንገተኛ ክፍል በኩል ይግቡ።

የሐዋሳዋ እናት፦

ከባለፈው ጉንፋን ወዲህ ታንኮራፋለች። ሌሊት ብድግ ብላ ተቀምጣ ትተነፍስና ተመልሳ ትተኛለች፤ ሕልም መስሎኝ ነበር። ነገ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና እንነሣለን።