«ናርሲሲስት ከ7 ዓመቱ ይለያል»፦ ማን ለየው?

ቀይ ብዕር፦ ትናንት እዚህ የተለጠፈው ጽሑፍ «ሙገሳ የሚወድ፣ መሸነፍ የማይችል ልጅ ነገ ናርሲሲስት ነው፤ ከ7 ዓመቱ ይለያል» ይላል። ናርሲሲስት እንግዲህ ራሱን ከሁሉ በላይ የሚያይ መሆኑ ነው። በሰላም የሚሸነፍ የ7 ዓመት ልጅ ያየ እጁን ያውጣ!

የማታ አንባቢ፦ የለጠፍኩት እኔ ነኝ፤ ማላገጡን ተወውና አንብብ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የኔዘርላንድ ጥናት 565 ልጆችን በየ6 ወሩ 4 ጊዜ ለክቷል። ወላጅ «ልጄ ከሌሎቹ ይበልጣል» ባለ መጠን የልጁ የናርሲሲዝም ነጥብ ኋላ ላይ ከፍ ብሏል።

ቀይ ብዕር፦ ነጥብ! አንድም ልጅ የስብዕና መታወክ አለበት አልተባለም። ደግሞ ግማሹን ዋጥክ፦ የወላጅ ፍቅር የጨመረው ለራስ የሚሰጥ ክብርን እንጂ ናርሲሲዝምን አይደለም። ሙገሳን ሁሉ ጥፋተኛ አታድርግ። «ይለያል» ያልከውን አንሳ።

ልባም፦ ሁለታችሁም መለኪያውን አላያችሁም። ለአዋቂዎች የሚሰጠው ባለ 40 ጥያቄ መጠይቅ የመሪነት ፍላጎትንና «ይገባኛል» ባይነትን አንድ ላይ ይደምራል። ሁለት ሰው እኩል 22 ሊያመጣ ይችላል፤ አንዱ ደፋር መሪ፣ ሌላው በሰው ጉልበት የሚኖር። ጉዳቱ የሚመጣው ከ«ይገባኛል» ባይነቱ ክፍል ነው። ድምሩን ብቻ ያየ ሁለቱን አይለይም።

የማታ አንባቢ፦ ታዲያ የትኛውን ባሕርይ እንይ?

ልባም፦ ዋናው ከሰው ጋር አለመስማማት ነው፦ እልኸኛ፣ ለሌላው ስሜት ደንታ የሌለው። ራሱን የሚያገዝፈው ላይ ሰው መሃል ገብቶ ጎልቶ መታየት መውደድ ይጨመራል። ሌላም ዓይነት አለ፤ ዓይን አፋር፣ ትንሽ ነቀፋ ለሳምንት የምታስኮርፈው። እሱ ላይ የሚጨመረው የስሜት አለመርጋት ነው። የጽሑፍህ ምልክቶች ይህን ሰው ጭራሽ አያገኙትም።

ዘጠኝ ነጥብ፦ ዲኤስኤም-5፣ ማለትም የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች የምርመራ መመሪያ፣ መታወኩ አለ ለማለት ከ9 መስፈርት 5 ይጠይቃል፤ ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ደግሞ ባሕርዩ ቢያንስ 1 ዓመት መዝለቅ አለበት። በዚያ ላይ ሂሳቡን እዩት። ከ1000 ሰው 20ው ይህ መታወክ አለበት እንበል። መጠይቁ ከ20ው 16ቱን ያዘ፤ ከ980 ጤነኛ 10 በመቶውን በስህተት ጠቆመ፦ 98 ሰው። ከተጠቆሙት 114 ውስጥ እውነተኞቹ 16 ብቻ! «ይለያል» ማለት ይሄ ነው?

የማታ አንባቢ፦ ቁጥሮቹን ራስህ ፈጥረህ ራስህ ፈረድክ።

ዘጠኝ ነጥብ፦ «እንበል» ብያለሁ እኮ። የስህተት ጥቆማውን ወደ 5 በመቶ አውርደው፤ በስህተት የተጠቆሙ 49 ይቀሩሃል፣ አሁንም ከ16 ይበልጣሉ።

ጨው፦ ቃሉስ? «ትምክህተኛ» እያላችሁ መኮነን ሲቻል ናርሲሲስት ማለት ምን አመጣው?

ልባም፦ ትምክህት ነውር ነው፣ ይሄ ሕመም ነው። ለዚያውም አይሲዲ-11፣ የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች መዝገብ፣ ስሙን ሰርዞ ክብደቱንና የባሕርይ ዘርፉን ብቻ ነው የሚመዘግበው።

ጨው፦ ስሙ ተሰረዘ፣ ሰውየው ግን አለ። ሐኪሞቹ ራሳቸው ካልተስማሙ እኛን ምን አጨቃጨቀን?

ቀይ ብዕር፦ እኔን ያጨቃጨቀኝ «ይለያል» ነው፤ ገና አልተነሳም።

የማታ አንባቢ፦ አላነሳም። «ሊጠቆም ይችላል» ብዬ አስተካክዬዋለሁ፤ ይበቃሃል።

ቀይ ብዕር፦ 7 ዓመቱስ?