አክሮፖሊስን እንደ ምሽግ ለማየት ከየት መጀመር ይሻላል?

ጥያቄ

የተከበራችሁ ወገኖች፣ በመጪው ሐምሌ ከእናቴ ጋር ወደ አቴንስ የምንጓዝ ሲሆን ለአክሮፖሊስ አንድ ሙሉ ቀን መድበናል። ያነበብኳቸው የጉዞ መምሪያዎች ስፍራውን የቤተ መቅደሶች አደባባይ አድርገው ብቻ ያቀርቡታል። እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ግን ከዚያ የቀደመው ታሪኩ፣ ይኸውም ሰዎች ጠላት ሲመጣባቸው ሸሽተው የሚወጡበትና ከተማቸውን ከላይ ሆነው የሚጠብቁበት አምባ መሆኑ ነው። ቅጥሩ፣ በሩና የውኃ ምንጩ ዛሬ ምን ያህል ይታያሉ? በስንት ሰዓት መውጣትስ ይመከራል? እናቴ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ረጅም ዳገት ይከብዳቸዋል፤ ይሁን እንጂ ቅዱስ ጳውሎስ ያስተማረበትን አርዮስፋጎስን ሳያዩ መመለስ አይፈልጉም።

ምላሽ 1

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ሰዓቱ ልናገር፤ በሐምሌ ወር የአቴንስ ፀሐይ እጅግ ብርቱ ነውና። በቅርብ ዓመታት ሙቀቱ በበረታባቸው ቀናት ስፍራው ከቀትር ጀምሮ ለሰዓታት የተዘጋባቸው ጊዜያት ነበሩ፤ በአምባው ራስ ላይም ጥላ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ በሩ እንደተከፈተ፣ ማለትም ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ለመግባት ያቅዱ። ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቀን የሚገባው ሰው ቁጥር በ20,000 የተገደበ ከመሆኑም በላይ ትኬቱ የመግቢያ ሰዓት የተወሰነለት ስለሆነ፣ አስቀድሞ በኢንተርኔት መግዛት ይገባል። ዋጋው በ2025 እ.ኤ.አ. ወደ 30 ዩሮ ከፍ ብሏል።

እናትዎን በተመለከተ፣ በሰሜን ምዕራብ በኩል በ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሥራ የጀመረ አሳንሰር አለ። የተመደበው ለአካል ጉዳተኞችና መንቀሳቀስ ለሚቸገሩ ሰዎች በመሆኑ ጉዳዩን ለስፍራው ሠራተኞች ቀድሞ ማስታወቅ ያስፈልጋል። ከላይ ደግሞ በፓርቴኖን፣ ማለትም በአምባው ዋና ቤተ መቅደስ አቅራቢያ የሚያልፍ የኮንክሪት መንገድ ተነጥፏል። ከዚያ መንገድ ውጭ ያለው አለት ግን በስንት ትውልድ እግር ስለተላገ በደረቅ ቀን እንኳ ያንሸራትታል፤ ስለዚህ ሶሉ መሬት የሚቆነጥጥ ጫማ ማድረግ ግድ ነው።

ምላሽ 2

እንዲህ ያለ ጥያቄ በማንበቤ ደስ ብሎኛል፤ ምክንያቱም አክሮፖሊስ ምሽግ ሆኖ የኖረበት ዘመን ፓርቴኖን ቤተ መቅደስ ሆኖ ካገለገለበት ዘመን እጅግ ይረዝማል። አምባው ከባሕር ወለል በላይ 150 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የኖራ ድንጋይ ጉብታ ሲሆን፣ በሦስት በኩል ገደል ነው፤ በምዕራብ በኩል ብቻ ለእግር የሚመች አቀበት አለው። የመከላከያው አሠራር ሁሉ የተነሣው ከዚህ አቀማመጥ ነው።

ወደ ታላቁ መግቢያ ወደ ፕሮፒላያ ሲወጡ በቀኝዎ ከፍ ብላ የምትታየው ትንሿ የአቴና ኒኬ ቤተ መቅደስ ያረፈችበትን ግንብ ቆም ብለው ይመልከቱት። ከውጭ በተስተካከለ ድንጋይ የተለበጠ ቢሆንም ውስጡ ከሚኬናውያን፣ ማለትም ከነሐስ ዘመን ግሪኮች ጊዜ የቀረ የመከላከያ ግንብ ነው። ጋሻ በግራ እጅ ስለሚያዝ፣ ወደ በሩ የሚገሰግስ ጠላት ያልተከለለ ቀኝ ጎኑን ለዚያ ግንብ እያጋለጠ ማለፍ ነበረበት። ከፕሮፒላያ ደቡባዊ ክንፍ አጠገብ ደግሞ በ13ኛው መቶ ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የተሠራው ቅጥር ቁራጭ ዛሬም ቆሟል። ድንጋዮቹ እጅግ ግዙፍ ከመሆናቸው የተነሣ የኋላ ዘመን ግሪኮች እንዲህ ያለውን ቅጥር የሠሩት ሳይክሎፕስ የተባሉት ባለ አንድ ዓይን ግዙፋን ናቸው ይሉ ነበር። አብዛኛው ጎብኚ ፓርቴኖንን ለማየት ስለሚቸኩል ይህን ቅጥር ሳያየው ያልፋል፤ ይህም ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ስለ ውኃው መጠየቅዎ ተገቢ ነው፤ የማንኛውም አምባ ጉልበት የሚለካው በውኃው ነውና። ቅጥሩ በተሠራበት ዘመን በሰሜኑ ገጽ ባለ ጥልቅ የአለት ስንጥቅ ውስጥ ደረጃ ሠርተው ከከርሰ ምድር ውኃ ይቀዱ ነበር። በሰሜን ምዕራብ ጥግ ደግሞ ክሌፕሲድራ የተባለው ምንጭ ይገኛል። በግሪክ የነጻነት ጦርነት ጊዜ የኦቶማን ጦር ምሽጉን ይዞ ሲከበብ፣ በ1822 እ.ኤ.አ. እጁን እንዲሰጥ ካስገደዱት ነገሮች ዋነኛው የውኃ እጦት ነበር። ከዚያ በኋላ ግሪኮች የምንጩን ነገር ቸል አላሉም፤ የግሪኮቹ የጦር አዛዥ ኦዲሴያስ አንድሩትሶስ ክሌፕሲድራን ወደ ምሽጉ የሚያጠቃልል ተጨማሪ ግንብ አሠራ።

አምባው ግን የማይደፈር አልነበረም። በ480 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ፋርሶች ከተማዋን ሲይዙ በላይ የቀሩት ጥቂት ሰዎች ምዕራቡን በር በእንጨት አጥረው፣ ድንጋይም እያንከባለሉ ተከላከሉ፤ ወራሪዎቹ በመጨረሻ የገቡት ገደል ነው ተብሎ ጠባቂ ባልተመደበበት ወገን ተንጠላጥለው ነው። ፓርቴኖን የፈረሰውም ምሽግ ውስጥ በመሆኑ ነው። የኦቶማን ጦር ባሩዱን በውስጡ አከማችቶ ሳለ፣ መስከረም 26 ቀን 1687 እ.ኤ.አ. ከተማዋን ከከበቡት ከቬኔሲያውያን (ከቬኒስ ሰዎች) ሞርታር የተተኮሰ ጥይት አገኘውና መካከሉ ተደረመሰ። ስለዚህ ዛሬ በዓምዶቹ መካከል የሚያዩት ክፍት ቦታ የዘመን ብዛት ያመጣው አይደለም፤ የከበባ ጦርነት ውጤት ነው።

ምላሽ 3

ከላይ የተጻፈው መልካም ነው፤ ነገር ግን ምሽግን ለመረዳት ከውስጡ መጀመር የለብንም ብዬ አምናለሁ። አስቀድሞ አጥቂው በቆመበት ቦታ መቆም ይገባል። በደቡብ ምዕራብ የሚገኘው የፊሎፓፖስ ኮረብታ ያለ ክፍያ የሚወጣበት ሲሆን፣ ቬኔሲያውያንም መድፋቸውን የተከሉት በዚያው አካባቢ ነበር። ከዚያ ሲታይ አምባው፣ ቅጥሩና ከሥሩ የተዘረጋችው ከተማ በአንድ እይታ ይጠቃለላሉ፤ ኮረብታው ለመድፍ ምን ያህል ቅርብ እንደነበረም ወዲያው ይገባል። በሐምሌ ወር ይህን ለምሽት ማቆየት ይሻላል።

አርዮስፋጎስ ከዋናው ምዕራባዊ መግቢያ አጠገብ ስለሆነ ሩቅ አይደለም። አለቱ ግን እጅግ ሙልጭልጭ ነውና እናትዎን በጥንቱ ደረጃ አያውጧቸው፤ የብረት ደረጃ ተሠርቶለታል። መውጣት ቢያቅታቸውም ከሥሩ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 ንግግር በግሪክኛ የተጻፈበት የነሐስ ሰሌዳ አለ። ፋርሶችም እሳት የተለኮሰበትን ፍላጻ ወደ አክሮፖሊስ የወረወሩት ከዚሁ ጉብታ ነበር፤ ስለዚህ ለእርስዎም ለእርሳቸውም የሚሆን ስፍራ ነው። የቀትሩን ሰዓት በአክሮፖሊስ ሙዚየም ያሳልፉት፤ ማቀዝቀዣና መቀመጫ ያለው ከመሆኑም ሌላ፣ ኤሬክቴዮን ከተባለው የአምባው ሰሜናዊ ቤተ መቅደስ ስድስት ካርያቲዶች (በሴት አምሳል የተቀረጹ ዓምዶች) አምስቱ የሚገኙት በዚያ ነው። ስድስተኛዋ በብሪታንያ ሙዚየም ስትሆን፣ ላይ የሚያዩአቸው ቅጂዎች ናቸው።

ከጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጠዋት አምባው ላይ፣ ቀትር ሙዚየሙ ውስጥ፣ ማታ ፊሎፓፖስ እንሆናለን። አንድ ነገር ልጨምር፦ ከፋርሶች ወረራ በኋላ የፈረሰው ቤተ መቅደስ ዓምዶች በቅጥሩ ውስጥ ተገንብተዋል ሲባል ሰምቻለሁ። ይህን ለማየት እናቴን ዳገት ማስወጣት ያስፈልገኛል?

ምላሽ 2

አያስፈልግም፤ እንዲያውም ከላይ ሆነው አያዩትም። ድንጋዮቹ የተገነቡት በሰሜኑ ቅጥር ውጫዊ ገጽ ላይ ስለሆነ የሚታዩት ከታች ከከተማው ነው። ከአምባው ሥር ባለው በፕላካ ሰፈር ሰሜናዊ ጎዳናዎች ወይም በጥንታዊው አጎራ (የገበያ አደባባይ) ቆመው ወደ ኤሬክቴዮን አቅጣጫ ቀና ሲሉ፣ በቅጥሩ ውስጥ በረድፍ የተደረደሩ ክብ የዓምድ ቁራጮችን ያያሉ። ከፓርቴኖን በፊት ተጀምሮ ሳያልቅ በፋርሶች ከተቃጠለው ቤተ መቅደስ የመጡ ናቸው። ከተማው በሙሉ እንዲያያቸው ሆን ተብሎ በዚያ ገጽ እንደተደረደሩ ብዙ ሊቃውንት ይስማማሉ፤ እኔም ከአምባው ቅርሶች ሁሉ አስበልጬ የምመለከተው እርሱን ነው። ከሙዚየሙ ሲወጡ በታክሲ እስከ ፕላካ ቢሄዱ እናትዎ ያለ ድካም ያዩታል፤ ርቀት ስላለው ግን የሩቁን የሚያቀርብ መነጽር (ባይኖኩላር) ይያዙ።